ጋሽ ኑሪ ለእንግዳ የተነሣ ዕለት

እስቲ የዘሀራን ግራ ትከሻ እዩ። አራት ጣት በልዞ ታትሞበታል። ባሏ መታት እንዳትሉ፤ ጋሽ ኑሪ ስትሮክ ግራ ጎኑን ከወሰደበት ወዲህ ሰው ሳይደግፈው ካልጋ አይወርድም።

ብልዙ የወጣው ከመንግሥት የተላከች ገምጋሚ ባሕር ማዶ ዋይት ሴንተር በሚባል ሰፈር ወዳለው ቤታቸው የመጣች ዕለት ነው። እስከዚያ ሰሃርላ የምትባል መንግሥት የሚከፍላት ረዳት በቀን ለስድስት ሰዓት ኑሪን ትይዝላት፣ ዘሀራም ሱቋን ትከፍት ነበር። ገምጋሚዋ የመጣችው ያ የረዳት ሰዓት ይቀጥል አይቀጥል ለመወሰን ነው።

ዘሀራ ምን አደረገች? እንግዳ ይመጣል ብላ ቤቱን ወለወለች፣ ሳንቡሳ ጠበሰች፣ ኑሪን አጥባ የዒድ ሸሚዙን አለበሰችው። ዊልቸሩን መኝታ ቤት ከተተችው። በሩ ሲንኳኳ ኑሪ ትከሻዋን ጨምድዶ ተነሣ። እንግዳ ተቀምጦ አይቀበልማ።

"እንዴት ነዎት?" አለች ሴትዮዋ በአስተርጓሚው በሰለሞን በኩል።

"አልሀምዱሊላህ። ዘሀራ እያለችልኝ ምን ይጎድልብኛል?"

ሰለሞን ቃል በቃል አስተላለፈ። አምና ሠርግ ላይ ኑሪን ከመኪና አዝሎ ያወረደው ይኸው ሰለሞን ነው። ሴትዮዋ ሳንቡሳዋን በላች፣ ዘሀራን አቀፈች፣ ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ልጃቸው ነጅዋ አነበበችው፦ ሰውየው ይቆማል፤ የሚጎድለውን ሁሉ ባለቤቱ ታሟላለታለች፤ ስለዚህ ረዳት በቀን ለሁለት ሰዓት ይበቃዋል።

"ማሚ፣ ዋይ? ለምን አስቆምሽው?"

"ተጋድሞ ይቀበላት?"

ሰው ሚስቱን አመሰገነ፣ ምስጋናው ማስረጃ ሆኖ ተጻፈባት። ሱቋ አሁን በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈተው። ማንን ልውቀስ? ሁሉንም።

ዘሀራ ሰለሞንን ኮል አደረገችው።

"አንተ እንኳ ታውቅ አልነበር?"

"እትዬ ዘሀራ፣ እኔ እኮ የተባለውን ብቻ ነው የምተረጉመው። ከራሴ ብጨምር ሥራዬን አጣለሁ።"

"ያኔ ስታዝለው ማን ተረጎመልህ?" ብላ ዘጋችበት።

ይግባኝ አለች። ሐሙስ ሌላ ገምጋሚ ይመጣል። ትናንት ዊልቸሩን ሳሎን መሀል አምጥታ አቆመችና ባሏን ለመነችው።

"ሐሙስ እንዳትነሣ።"

"ሰው በር ላይ ቆሞ እኔ ቁጭ ልበል? ምን ይሉኛል?"

"ባለጌ ይበሉሃ። ለእኔ ስትል አንድ ቀን ባለጌ ሁንልኝ።"

የዒድ ሸሚዙን እንድታጥብለት አዘዛት። ታውቀዋለች፤ ይነሣል።

እናንተ ታማሚ ያላችሁ፣ ዊልቸሩን አትደብቁ። አንተ አስተርጓሚ የሆንከው ደግሞ እንዲህ ያለ ቤት በር ላይ ጫማህን ከማውለቅህ በፊት ለላኪዎችህ ይህችን ብቻ ንገርልን፦ እነዚህ ሰዎች ለእንግዳ ይነሣሉ፣ ሲጠየቁም ደህና ነን ይላሉ፤ ከመጻፋችሁ በፊት የማንን ትከሻ ይዘው እንደቆሙ እዩ በላቸው።