የእነሱ ድስት

መንደራችን ከጓሳ ተራራ በታች፣ ቆላው በሚጀምርበት ገደል አፋፍ ላይ ነበረች። ከላይ ገብስ የምናርስ ክርስቲያኖች፣ ከታች አርጎባ ሸማኔዎችና ኦሮሞ ከብት አርቢዎች እንኖርባት ነበር። የታችኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ስለዚህ ክርስቲያን ሲደግስ አንድ በግ ለእነሱ ያስራል፤ በራሳቸው ቢላ አርደው፣ በየቤታችን ለእነሱ ብቻ በሚቀመጥ ድስት ቀቅለው ከእኛው ዳስ ይበላሉ። እነሱም ሲደግሱ ለእኛ እንዲሁ ያደርጋሉ።

ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ወንዙ የክልል ድንበር ሆነ። አርቢዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ማዶ ተሻገሩ። የመኪናው መንገድ በሌላ በኩል ሲያልፍ ገበያው መንገዱን፣ ሸማኔዎቹ ገበያውን ተከተሉ። እኔም መሐል ሜዳ ከተማ ሆኜ ለጋዜጣ ዜና እልክ ስለነበር፣ ማን እንደሄደ የምሰማው ከሰው አፍ ነበር።

የአክስቴ ባል ሊሞት ሲል አንድ አደራ ሰጣት፤ በተዝካሩ የታችኞቹ ጎረቤቶቹ ከቤቱ እንዲበሉ። እሷም ገበያ በሚወርድ ሰው ሁሉ መልእክት ላከችላቸው። በተዝካሩ ቀን እኔም መጥቼ ነበር፤ በጉን ከወይራው ሥር አሰረች፤ ድስቱንም አጥባ ከጎኑ አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ለሄደ ሰው በግ ይታሰራል?» አለች ጎረቤቷ።

«ሄዱ እንጂ ሞቱ?»

ቄሱ ከዳሱ ውስጥ፣ «ይሄ በግስ ዕድለኛ ነው፤ አራጁን ሲጠብቅ ሊያረጅ ነው» ብለው ሰዉን አሳቁት። አክስቴ አልሳቀችም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሟቹ ወዳጅ የነበሩት ሽማግሌ ሸማኔ ብቅ አሉ። ብቻቸውን ነበሩ።

«ሌሎቹስ?» አለች አክስቴ።

«መንገዱ ራቃቸው። እኔን ላኩኝ።»

«እንግዲያው በጉን እርስዎ ይረዱት።»

«ጥርስ የሌለኝ ሰውዬ ለብቻዬ ሙሉ በግ ላርድ? ነውር ነው፣ እህቴ።»

«የእሱ አደራ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

አክስቴ በጉን ፈታችና ገመዱን በእጃቸው አስያዘቻቸው። ድስቱንም አነሳች።

«ድስቱ እንኳ ይቆይ» አሉ።

«ለማን?»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ድስቱን በጋቢያቸው ጠቅልለው አዘሉት፤ በጉን እየሳቡ ቁልቁለቱን ወረዱ።

አክስቴ አደራውን ተወጥታ እንደሆነ የሚጠይቃት ሰው ሲመጣ «በጉ ተበልቷል» ትላለች። ከቤቷ እንዳልተበላ ግን ሁላችንም አይተናል።