የእትዬ ጆሮ የማረፊያ ፈተና

በትንንሾቹ አውሮፕላኖች ጥገና ቤት እትዬ ጆሮ ነው የሚሏት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሞተር ስታዳምጥ የኖረች ሴት ናት። ሌላው መፍቻውን ሳያነሳ እሷ አንገቷን ዘንበል ታደርግና «ሦስተኛው ሲሊንደር ነው» ትላለች፤ ተፈቶ ሲታይ እውነትም እሱ ነው። ታዲያ ይህች ሴት በአርባ አንድ ዓመቷ አብራሪ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ብላ ተነሳች። ልብስ ሰፊው ባሏ መጀመሪያ ሳቀባት። የምሯን መሆኑ ሲገባው ግን እሱ ራሱ የስፌት መኪናውን እያቆመ፣ የበረራ መጽሐፏን ይዞ እየጠየቀ ያስጠናት ጀመር።

በመጨረሻው የበረራ ፈተና ፈታኙ ከቀኟ ተቀመጡ። ሽበታም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ቃል ከአፋቸው የሚወጣው በስንት መከራ ነው። መነሳቱም መዞሩም አማረላት። የቀራት ማረፍ ብቻ ነበር፤ እሱን ካለፈች ፈቃዱ በእጇ ነው።

ልክ መሬት ልትነካ ስትል፣ የሞተሩ ጩኸት ሲቀንስ፣ ከቀኝ በኩል ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። አይ ልማድ! አንገቷ ዘንበል አለ። ዓይኗን ከመንደርደሪያው ነቅላ ድምፁን ስታሳድድ አውሮፕላኗ ከሰው ቁመት ላይ ዱብ አለች፣ ነጠረች፣ ከዚያ በአንድ እግሯ አረፈች። ጎማ ያለበት የግራ እግሯ ተጣመመ፤ በክንፏ ጫፍ ሣሩን እየጠረገች ዞራ ቆመች።

ደግነቱ ሁለቱም አልተጫሩም። ሞተሩን አጥፍታ ወረደችና ዞር ብላ ብታይ፣ የፈታኙ የመቀመጫ ቀበቶ ጫፍ በበሩ ሥር ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ለካ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የነበረው እሱ ኖሯል! ቀበቶዎ ነው ያዘናጋኝ ብትላቸው ማን ይፈርድባታል? ውሸትም አይደል። እሷ ግን ፈታኙም ሲወርዱ ወደሳቸው ዞረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ከመነሳታችን በፊት በሩን ማየት የኔ ሥራ ነበር። ድምፁን ስሰማ ደግሞ እያበረርኩ መሆኔን ረስቼ ሜካኒክ ሆንኩ።» እንባዋም አልታዘዛት አለ፤ ዘረገፈችው።

ፈታኙ ቀበቶውን አዩት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወረቀታቸውን አወጡ። ወድቃለች ብለው ጻፉ። ከሥሩም የራሳቸው ቀበቶ ውጭ ቀርቶ እንደነበር ሳይደብቁ አሰፈሩ። ከዚያ ይቺን ለመጠገን ስንት ጊዜ ይፈጅብሻል ሲሉ ጠየቋት።

እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ጎንበስ አለችና የተጣመመውን እግር ዳበሰችው። ሦስት ሳምንት አለቻቸው።

«እንግዲያው በአራተኛው ሳምንት እመጣለሁ። የምትፈተኚው በዚችው ነው።»

የምትማርበት የበረራ ትምህርት ቤት ምንም ያልነካት ሌላ አውሮፕላን እንዳለችው ነገረቻቸው። ፈታኙ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«አይ፣ ለኔስ አንቺ የጠገንሻት ትሻለኛለች» አሉ።