ከሰል ያልኩት የጎሬ አፈር

ለዶክትሬቴ የመረጥኩት የቡና ገለፈትን ነበር። መቱ ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ እያስተማርኩ፣ ገለፈቱን አክስዬ ውሃ የሚያጣራ ደቃቅ ዱቄት ለመሥራት ሁለት ዓመት ደከምኩ። ገለፈቱን የሚልኩልኝ ጎሬ ያለ፣ ቡና በማሽን ከገለፈቱ የሚለይበት መቀሸሪያ ዘበኛ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው በሚኒባስ ይሰዱልኛል። እኔም ከሰሉን ፈጭቼ ውሃ ውስጥ በትኜ፣ ሳይዘቅጥ የሚቀረውን ብቻ እወስዳለሁ። ከዚያ የሚደቅ የለም እያልኩ እኮራ ነበር።

እኛ ጋ ያለው ማይክሮስኮፕ ያን ያህል ጥቃቅን ነገር አያሳይም። ስለዚህ ናሙናውን ውጭ አገር ለምትሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ላክሁላት። የእሷ መሣሪያ የሚሠራው ኤክስትሪም አልትራቫዮሌት በሚባል ብርሃን ነው። ዓይን አያየውም፤ አየር እንኳ ስለሚውጠው ናሙናው አየሩ በተመጠጠ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የፀጉርን ውፍረት ሺህ ቦታ ቢከፍሉት አንዷን ቁራጭ ለይቶ ያሳያል፤ ከምን እንደተሠራችም ብርሃኑን ከምትውጥበት መጠን ይታወቃል።

ምስሉ የደረሰኝ ቢሮ ተቀምጬ ፈተና ሳርም ነው። ድቡልቡል የከሰል ቅንጣት ስጠብቅ፣ እንደ ወረቀት የተደራረቡ ስስ ቅርፊቶች አየሁ። ወዲያው ደወልኩላት።

«የእኔ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ናሙና ጋር ተቀያይሮብሻል» አልኳት።

«ሦስቴ ደግሜ አየሁት» አለች። «አብዛኛው ሲሊከንና አልሙኒየም ነው። ከሰሉ ትንሽ ነው። ይሄ የሸክላ አፈር ነው እኮ።»

በዚያ ዱቄት ሁለት ጽሑፍ አሳትሜ ነበር።

በማግስቱ ጎሬ ወጣሁ። ጋሼን መጥረጊያ ይዘው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ገለፈቱን ከየት ነው የሚያፍሱልኝ?»

«ከመሬቱ ነዋ፤ ጠርጌ። ምነው፣ አነሰሽ?»

ግቢው ሁሉ ቀይ አፈር ነው። ከከሰሉ ጋር የጠቆረው ደቃቅ አፈር ስለማይዘቅጥ፣ ውሃው ላይ እየለየሁ ስሰበስብ የኖርኩት እሱን ነበር። ነገሩን ሳስረዳቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ዲፋማ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ ይቅርታ ሲጠይቁኝ የባሰ ደነገጥኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንድም ቀን መጥቼ አላየሁም።

ጽሑፎቼን ላወጡት ሁለት መጽሔቶች ስህተቴን ጻፍኩ። አንደኛው ጽሑፌ ተሰረዘ፤ አማካሪዬም ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም። ጋሼ ማሽኑ ሥር ሸራ ዘርግተው ንጹሕ ገለፈት ላኩልኝ። ጓደኛዬ ከዚያ ባነሳችው ሁለተኛ ምስል ላይ ድቡልቡሎቹ የከሰል ቅንጣቶች አሉ፤ ካሰብኩት ግን በጣም ጥቂት ናቸው። ዲግሪውን ሁለት ዓመት ዘግይቼ ያዝኩ። ከመመረቂያ ጽሑፌ አንዱ ሙሉ ምዕራፍ ስለዚያ ስህተት ነው።