ጋሼ ኑሪ ያልተናገሩት

ልብስ ሰፊው ጋሼ ኑሪ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዎርዝንግተን በሚገኘው ሱቃቸው፣ የስፌት መኪናቸው ፊት እንደተቀመጡ አርፈዋል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ኮሎምበስ ገብታችሁ ሥራ ስትጀምሩ የመጀመሪያ ሱሪያችሁን ያሳጠሩላችሁ ሁሉ እንድታውቁት ይህን ጽፌአለሁ።

በቀብሩ ዕለት ብዙዎቻችሁ ግራ ተጋብታችኋል። ሙስሊም ወንድሞቻችን ሊሰግዱባቸው መጥተው ቄስ ሲያዩ ባሉበት ቆሙ። ክርስቲያኖቹም «ሰውዬው ቱርክ አልነበሩም እንዴ?» እያላችሁ ጠየቃችሁኝ። ያን ዕለት አልመለስኩም። አሁን እህታቸውን አስፈቅጄ እመልሳለሁ። ጋሼ ኑሪ የኢስታንቡል አርመናዊ ነበሩ። ኑሪ በውጭ ሰው ፊት የሚጠሩበት ስም ነው፤ እናታቸው በቤት ውስጥ የሚጠሯቸው በሌላ ስም ነበር።

እኔ ያወቅኋቸው ኦቤትስ ያለው መጋዘን ለሥራ ኢንተርቪው የጠራኝ ጊዜ ነው። ሰው የሰጠኝን ኮት ይዤ ሄድኩ። ሣጥን ላይ አቁመው «ቀና በል፤ ለጎበጠ ሰው ልኬት አልወስድም» አሉኝ። ከዚያ እጅጌውን እያጠፉ «እጅጌህ ከረዘመ ሰው ኮቱን የተዋስከው ይመስለዋል። ቀጥሎ የምትናገረውንም የተዋስከው ይመስለዋል» አሉ። ከእኔ በኋላ ስንቱን አዲስ መጪ እዚያ ሣጥን ላይ እንዳቆሙ እናንተው ታውቃላችሁ። ቸኩያለሁ ያለ ሰው ሱሪውን ሳይዝ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን በጁላይ ሱቃቸው ተቀምጬ ሳለሁ እህታቸው ከኢስታንቡል ደወሉ። ወሬው አጭር ነበር። ስልኩን ሲያስቀምጡ ፊታቸው ጠቁሯል። ምን አሉ ብዬ ብጠይቅ «ብርድ ነው አለች» አሉኝ። በማግስቱ ወፍራም ካፖርት ገዝቼ «ለእህትዎ ይላኩላቸው» ብዬ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። እስኪያስሉ ሳቁ። «አንተ ሰው፣ ኢስታንቡል እኮ አሁን ከዚህ ይብሳል፤ አስፋልቱ ይቀልጣል» አሉኝ። ከዚያ ሳቃቸውን አቁመው በሩን ቆለፉ። በቤተሰባቸው «ብርድ ነው» ማለት «ሰው እየሰማ ነው፤ ስለዚያ ነገር አታንሳ» ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ነገሩኝ።

ያ ነገር ከመቶ ዓመት በፊት በአርመኖች ላይ የተፈጸመው የዘር ማጥፋት ነው። አያታቸው የስድስት ዓመት ልጅ ሆነው ከመንደራቸው ሰው ሁሉ ጋር ወደ በረሃ ተነድተዋል። ከቤተሰቡ የተረፉት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ አንድ ቤት ወስዶ ሌላ ስም ሰጥቶ አሳደጋቸው። የቱርክ መንግሥት ዛሬም ነገሩን በዚያ ስም አይጠራም፤ የሚጠራውም ሰው ሊከሰስ ይችላል።

እኔ አዲስ አበባ ሳድግ የሰፈራችን አርመናዊ ጫማ ሠሪ በወገናቸው የደረሰውን ለደንበኛው ሁሉ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ስለዚህ በጋሼ ኑሪ ላይ ፈረድኩ። ዝም ማለት ከገዳይ ጋር መተባበር ነው አልኳቸው፤ ፈሪ ነዎት እስከማለትም ደረስኩ። አልተቆጡም።

«የአንተ ጫማ ሠሪ ከቤቱ ወጥቶ ነው የተናገረው» አሉኝ። «እኔ እዚህ ብሆንም ቤተሰባችን እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ዳቦ ሻጫችን፣ ሐኪማችን፣ ልጆቻችንን የሚያስተምረው ቱርኮቹ ራሳቸው ናቸው። ብዙዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው። የትኛው እንዳልሆነ ግን አስቀድመህ አታውቅም።»

ልጄ ቤዛ ዌስተርቪል ሃይስኩል ስትማር አንድ ሽማግሌ ቃለ መጠይቅ እንድታደርግ ታዘዘች። ጋሼ ኑሪ ስለሚወዷት እሺ አሉ። ቪዲዮውን አስተማሪዋ ብቻ እንዲያየው፣ የአባታቸውንና የመንደራቸውን ስም ግን እንድትቆርጠው አደራ አሏት። ልጅቷ የታዘዘችውን አደረገች። ያልተቆረጠው ግን ቤታችን ኮምፒውተር ላይ ቀረ። አየሁት፤ አለቀስኩ። ይህ ሳይሰማ መቅረት የለበትም ብዬ የአባታቸውም የመንደራቸውም ስም ሳይቆረጥ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት።

ቤዛ አይታ በሩ ላይ ቆመች። «አባ፣ ሂ ሴድ ኖ» አለች፤ አይሆንም ብለዋል ማለቷ ነው።

ስለ እውነት አንቺ ልታስተምሪኝ ነው ወይ ብዬ አባረርኳት።

በሁለተኛው ቀን አንድ የማላውቀው ሰው ከቪዲዮው ሥር በእንግሊዝኛ ጻፈ። ሦስት ቃል ከማይሞላ ስድብ በኋላ፣ እህታቸው አሁንም ጀልባ ጣቢያው አጠገብ ይኖራሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቪዲዮውን ወዲያው አጠፋሁት። ከዚያ ሄጄ ለጋሼ ኑሪ ነገርኳቸው። ስልካቸውን አንስተው ወደ ኢስታንቡል ደወሉ። እህታቸው አላነሱም።

አሥራ አንድ ቀን አላነሱም።

በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ከኦቤትስ ወደ ዎርዝንግተን ነድቼ እሄድ ነበር። ውጣ አላሉኝም፤ ግባም አላሉኝም። ስልኩን መቀሱ አጠገብ አስቀምጠው ይሰፋሉ። ደንበኛ ሲገባ እንደወትሮው ይቀልዳሉ፤ ሲወጣ ስልኩን ያያሉ። ለማን ኮል እናድርግ፣ ጎረቤት የለም ወይ አልኳቸው። ጎረቤት ከተጠየቀ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ፖሊስም እንደዚያው አሉኝ። በስምንተኛው ቀን አንዱን የሱሪ ጫፍ ሰፍተው ሲፈቱ፣ ደግመው ሰፍተው ሲፈቱ አየሁ። በመጨረሻ መርፌውን ሰክተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ለምን ዝም ትላላችሁ ብለህ ስትጠይቀኝ ነበር። ይኸው፣ የምንፈራው ይህን ነው። አንድ ሰው ይናገራል፤ ሌላው ስልክ አያነሳም። አንተ እንዲህ ከተቀመጥክ ስምንት ቀን ሆነህ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ተቀምጣለች።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። እህታቸው ናቸው። በር የሚያንኳኳ ሰው መጥቶባቸው፣ ስልካቸውን አጥፍተው ከተማ ዳር ወዳለ ወዳጅ ቤት ሄደው ነበር። ያንኳኳው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ምናልባት ፖስተኛ ነው። እኒያ ሴት ግን አርባ ዓመት ወደኖሩበት ቤት አልተመለሱም። ይህ የእኔ ሥራ ነው፤ በማንም አላሳብብም።

አባቶች፣ እኔ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስላነበብኩ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ልጆቻችሁን እውነት ተናገሩ በሉ። ሰው አደራ ሲሰጣችሁ ግን አክብሩ፤ ልጃችሁ ስታርማችሁም ስሟት። ቤዛን ይቅርታ የጠየቅኋት ዘግይቼ ነው።

ጋሼ ኑሪ፣ ይህን ልጽፍ ስነሳ በመጀመሪያ ለእህትዎ ደወልኩ። እንደ በፊቱ በራሴ አልወሰንኩም። ምን ልጽፍ እንደፈለግሁ ነገርኳቸው። ከዚያ በምን ቋንቋ ነው የምትጽፈው አሉኝ። በአማርኛ አልኳቸው። «እንግዲያው ጻፍ። እዚህ ማንም አያነበውም» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው የእርስዎን ይመስላል። ስለዚህ የአያትዎ ጉዞ በእኛ ፊደል ተጽፏል። እዚያ ያሉት ባያነቡትም እዚህ የሚወዱዎት ያነቡታል። የአባትዎንና የመንደርዎን ስም አልጻፍኩም። የቤት ስምዎንም አልጻፍኩም፤ አፈሩ ሲገባ ጎንበስ ብዬ አንድ ጊዜ ጠርቼዎታለሁ፤ ሰው አልሰማም። በሰላም ይረፉ።