ሦስት ጣት የጠበበው ሐዲድ

ከቡሬ የተነሣነው በየካቲት፣ በርበሬው ደርቆ ጆንያ በገባበት ሰሞን ነው። አገሩን ጣሊያን የያዘበት ዘመን ነበር። አንድ መሐንዲስ፣ የአጃቢዎቹ አለቃ የሆነ ሹምባሽ፣ ስድስት ወታደሮች፣ ዕቃ የጫኑ ሁለት አህዮች፣ እኔ ደግሞ አስተርጓሚ ሆኜ። ጉዳያችን ከቡሬ እስከ ወጀት ባቡር የሚያልፍበትን መሬት መርጦ ችካል መቸከል ነው። ወጀት ማለት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ ናት። የጣሊያኖቹን ቋንቋ የተማርሁት አስመራ ነጋዴ ቤት ሳገለግል ነበር፤ ያኔ በዚህ እኮራ ነበር።

ስለዚያ ጉዞ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ወንዙና ስለ መንገዱ አወራለሁ፤ በመካከሉ ካለችው ማንኩሳ ስደርስ ግን ወሬውን ወደ ዝናብ አዞረዋለሁ። ዛሬ ልናገረው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትሉኝ ይገባኛል።

የመጀመሪያው ቀን፣ ጧት

ከቡሬ ወጣ ሲሉ ሜዳው ለጥ ያለ ነው። አዝመራው ተወቅቷል፣ ከብቱ ገለባ ላይ ተሰማርቷል። መሐንዲሱ ባለ ሦስት እግር መነጽሩን እየተከለ ያያል፣ ወታደሮቹ ገመድ ይጎትታሉ፣ እኔ ባላገሩን ዞር በሉ እላለሁ። አንዲት ሴት ዶሮ ልትሸጥልን ወጥታ ሊሬውን ስታይ ዶሮዋን መልሳ ብብቷ ሥር ሸጎጠቻት።

"ይኼ ወረቀት ነው። ጨው ካላችሁ ጨው አምጡ" አለች።

ሁለት አሞሌ ሰጥተን ወሰድናት። ስትሄድ ወደኔ ዞር ብላ "አንተስ የማን ልጅ ነህ?" አለችኝ። ያልሰማሁ መስዬ አለፍሁ።

መንገድ ላይ ወሬ ለመክፈት ያህል፣ ይህ አዲስ ሐዲድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ከሚመጣው ከአሮጌው ጋር ይገናኝ እንደሆነ መሐንዲሱን ጠየቅሁት። ሳቀ።

"አይገናኝም። የእኛ እንደ አስመራው ነው የሚሠራው፤ ከዚያኛው በዚህ ያህል ይጠባል" ብሎ ሦስት ጣቱን አሳየኝ። "አዲስ አበባ ቢደርስ እንኳ አይገጥምም። እንዲገጥምም የሚፈልግ የለም። ዕቃው ወደ ፈረንሳዮች ወደብ ለምን ይሂድ?"

"ተሳፋሪውስ?" አልሁት።

"ተሳፋሪ ስለሚባል ነገር የነገረኝ የለም" አለና ወደ መነጽሩ ተመለሰ።

ማንኩሳ

ከሰዓት በኋላ ማንኩሳ ስንደርስ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን። ገመዱን ከሩቅ አይተውታል። በእኛ አገር መሬት በገመድ ከተለካ ወይ ግብር ሊጨመር ነው፣ ወይ ርስት ሊከፈል ነው። ስለ ባቡሩ ብነግራቸው ማን ይስማኝ! አንዱ ችካሉ ዛሬ ቢተከል ነገ ማገዶ ነው አለ። ሹምባሹ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ያን ጊዜ አያ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሡ። የአገሩ ድንበር አዋቂ ናቸው፤ ሁለት ሰው በወሰን ሲጣላ የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። ባለ ቀይ ፈትል ግላስ የለበሰች ዳማ በቅሎ ይዘው ቆመዋል።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አሉኝ። "ይኼ የምትሉት ባቡር ድሬዳዋ ከሚሄደው ጋር ይገናኛል?"

"ለምን ጠየቁኝ አያ?"

"እንጉዳይ የምትባል ሴት ልጅ አለችኝ። ባሏ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ተቀጥሮ ይዟት ከሄደ ሰባት ዓመት ሆነ። ወልዳለች ሲሉ በነጋዴ ሰማሁ። ይችን በቅሎ የምቀልባት ለዚያ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሸዋ ድረስ በርሷ፣ ከዚያ ወዲያ በባቡር ብዬ ነው። ጉልበቴ ግን እንጃ። ከዚህ ተሳፍሬ እዚያ የምወርድ ከሆነ ንገረኝ።"

ሦስቱ ጣቶች ዓይኔ ላይ ናቸው። ጧት የሰማሁት ነው፤ አልረሳሁትም።

"ይገናኛል አያ" አልኋቸው። "ቡሬ ተሳፍረው ድሬዳዋ ይወርዳሉ።"

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። ደም እንዳይፈስ ብዬ ነው እላለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን የምሥራች ነጋሪ መሆን ጥሞኝ ነው። ያ ሁሉ ሰው እንደ ባንዳ ሲያየኝ ውሎ አንድ ሽማግሌ እንደ ልጁ አየኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ግን አውቄ ነው የለቀቅሁት።

አያ ደምሴ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "ለችካሉ እኔ ዋስ ነኝ። አንድ ቢነቀል እኔ ልጠየቅ" አሉ። እርሳቸው ዋስ ከሆኑ በኋላ ነገር አለቀ፤ ሰው ወደየቤቱ ሄደ። እኛም እስኪመሽ ቸከልን፤ በማግስቱም ረፋድ ድረስ ቸክለን ወደ ወጀት አለፍን።

ወጀት

ላህ ወንዝ ውኃው ጎድሎ ከጉልበት በታች ነበር። ወጀት ገበያዋ ደርቶ ደረስን፤ የማር እንስራው፣ የቅቤ ቅሉ፣ የበርበሬው ክምር ለጉድ ነው። አራት ቀን ተቀመጥን። በአምስተኛው ቀን ለመሐንዲሱ ደብዳቤ መጣለት። አነበበው፣ አጠፈው፣ ደግሞ ዘርግቶ አነበበው።

"ባቡሩ ቀርቷል። የመኪና መንገድ ይበቃል ተብሏል" አለኝ። "እየተመለስን ችካሉን አይቼ የሥራውን መዝጊያ ወረቀት እጽፋለሁ። ቡሬ እስክንገባ ግን ላንድም ሰው እንዳትናገር፤ ሹምባሹም አያውቅም።"

እሺ አልሁት።

መመለሻ

ማንኩሳ ስንደርስ መሐንዲሱ መነጽሩን ተከለና ቀና አለ። እንደገና አየ። በቀጥታ ተክለን የሄድነው ችካል እባብ የሄደበት መስሏል። የሆነው እንዲህ ነው። ሰው ዋሱን አክብሮ አንድም አልነቀለም። ግን ሁሉም በየፊናው ርስቱ ላይ የቆመውን ችካል ወደ ጎረቤቱ ወሰን ገፍቶታል፤ ጎረቤቱም አይቶ ዝም አላለ፣ ወደ ወዲያኛው ገፍቶታል። አንዱማ ከገብስ ማሳው አውጥቶ ወንዝ ዳር ወስዶታል።

አያ ደምሴ ተጠሩ። በቅሏቸውን እየሳቡ መጡ።

"ቁጠሩት" አሉ። "ዋስ የሆንሁት እንዳይነቀል ነው። አንድ ጎድሎ እንደሆነ እጄ ይያዝ። ሲራመድ ያደረውን እኔ በምን አውቄ?"

ተረጎምሁት። መሐንዲሱ ሳቁ አመለጠው፤ ለእርሱ ነገሩ አልቋል። ሹምባሹ ግን አልሳቀም። በመንግሥት ሥራ ተቀለደ፣ ዋስ ዋስ ነው አለና የበቅሎዋን ልጓም ከእጃቸው ተቀበለ። መሐንዲሱ ትከሻውን ነቀነቀና ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ።

እዚህ ላይ ነው ነገሬ። "ባቡሩ ቀርቷል፣ ይህ ችካል ከእንግዲህ ማገዶ ነው" ብል ሹምባሹ ምን ይዞ ይከሳቸዋል? መሐንዲሱም መካድ አይችልም ነበር፤ ደብዳቤው ደረቱ ኪስ ውስጥ ነው። አፌን ከፈትሁ። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ፣ ውሸቴም ይወጣል ብዬ መልሼ ዘጋሁት።

አያ ደምሴ አልለመኑም። ግላሷን ከበቅሎዋ ገፈው ትከሻቸው ላይ ጣሉና ወደኔ መጡ።

"በቅሎዋስ ትሂድ፣ እሷም አርጅታለች" አሉኝ። "ባቡሩ ግን ይገናኛል አይደል?"

"አዎ አያ፣ ይገናኛል።"

ሁለተኛ ዋሸሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ቢያንስ ባቡር ነበረ።

ከቤታቸው በርበሬ የተቋጠረባት አንዲት ትንሽ ቁጢት አምጥተው ሰጡኝ። "ባቡሩ መጀመሪያ ሲመጣ አንተ ቡሬ ነህና ላክልኝ። የእንጉዳይ ናት። እዚያ አገር የእኛ በርበሬ አይገኝም አሉ" አሉ። ተቀበልሁ። በሁለት እጄ፣ ወገቤን ሰበር አድርጌ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ተቀበልኋት። የቀረውን መንገድ ሹምባሹ በበቅሎዋ ሄደ፤ እኔ ከኋላ በእግሬ ዳናዋን እያየሁ ተከተልሁ።

ቡሬ

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ቁጢቷን አይታ የማን እንደሆነች ጠየቀችኝ።

"የሰው አደራ ናት። ድሬዳዋ የምትሄድ።"

"በምን ትሄዳለች?"

ቁጢቷን ምሰሶው ላይ ሰቀልኋት። በወሩ ወደ ሸዋ ለሚወርዱ ነጋዴዎች ሰጠኋት፤ ትድረስ አትድረስ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማንኩሳ ሄጄ እውነቱን ልናገር ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለስሁ። ጠላት ከወጣ በኋላ እንኳ ወጀት የምሄደው በላይ በኩል ዞሬ ነበር፤ ግማሽ ቀን ያስረዝማል።

ዛሬ አዲስ የባቡር መስመር ይሠራ ሲባል፣ ከአሮጌው ይገናኝ ወይስ ለብቻው ይቁም እያሉ የተማሩ ሰዎች ሲከራከሩ እሰማለሁ። ስለ ወደብና ስለ ዕቃ ያወራሉ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ግን ይህን ጥያቄ መጀመሪያ የሰማሁት በቅሎ ከያዙ ሽማግሌ ነው፤ እርሳቸው የጠየቁት ልጃቸው ጋ ይደርሱ እንደሆነ ነበር። የማይገናኝ ሐዲድ ቢሆን አይገናኝም ማለት ነበረብኝ። በቅሏቸው እጃቸው ላይ ነበረች፤ ፋሲካም ሩቅ አልነበረም።

በማንኩሳ ያለፈ አንድ ጨው ነጋዴ ከዓመታት በኋላ የነገረኝን ልጨምር። አንድ ሽማግሌ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ በየማሳው እየዞሩ ችካል ያቃናሉ፤ የበሰበሰውን አውጥተው በአዲስ ይተካሉ። ሰውም ተዋቸው ይባባላል፤ የሚገፋባቸው የለም። ነጋዴው ምን እንደሚያደርጉ ቢጠይቃቸው፣ "ዋስ ነኝ" አሉት።