ወንበር ብናወርድ ለቅሶ ደረሱን

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት... ዲላ ከተማ መሀል፣ መንገድ ዳር ተቀምጬ የማላውቃቸው ሰዎች «አይዞሽ ልጄ፣ ቻይው» እያሉ ያጽናኑኝ ጀመር። ማንም አልሞተብኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መናኸሪያው አካባቢ ባለች አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት ትኬት እቆርጣለሁ። ባለቤቱ ጋሽ ተሾመ ይባላል። እንደ አባቴ ነው፣ ግን «አንቱ ካልሽኝ አባርርሻለሁ» ስላለኝ አንተ ነው የምለው። የተከራየነው ቤት ሊፈርስ ስለሆነ አዲስ ሕንጻ ላይ አንደኛ ፎቅ አገኘን። የዚያኑ ቀን ስምንት ሰዓት የምርቃት ፊልም አለ ብለን ከተማውን ሁሉ ጠርተናል።

ዕቃውን በአይሱዙ ጭነን ስንደርስ ሕንጻው ተቆልፏል። የሕንጻው ባለቤት ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ቡናውን ሊያይ ገጠር፣ አሪቻ ሄዷል። «እየመጣሁ ነው» ይላል በስልክ... ሾፌሩ ግን አልጠብቅም ብሎ ወንበሩን ሁሉ መንገድ ዳር አራግፎልን ሄደ።

ሰማዩ ደግሞ ጠቆረ። ሸራችንን ከሕንጻው በር እስከ መብራት ምሰሶው ወጥረን ወንበሮቹን ከሥሩ ደረደርን። ስክሪኑን... ያው ወፍራም ነጭ ጨርቅ ነው... ጠቅልለን፣ ጭቃ እንዳይነካው አግዳሚ ወንበር ላይ አጋደምነው። ርዝመቱ ሰው ያህላል። ጋሽ ተሾመ ብርድ ብርድ ሲለው ጋቢውን ተከናንቦ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ከወንበሮቹ በተነሣው አቧራ ዓይኔ ቀልቶ እንባዬ ይወርዳል።

እስኪ ከሩቅ ሆናችሁ እዩን።

መጀመሪያ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው ዝም ብለው ተቀመጡ። ዝናብ የፈሩ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ሽማግሌዎች መጡ። ከዚያ... በቃ ሞላ። የሰፈራችን እናት እማማ አስካለ ጋሽ ተሾመ ጎን ተቀመጡ።

«እግዜር ያጽናህ ተሾመ።»

«አሜን እማማ... ምን ይደረግ።»

«ድንገት ነው?»

«ኧረ አይደለም። ቀደም ብለው ነግረውናል። እስከ ዛሬ ጠዋት ብቻ ነው የሰጡን።»

እማማ ወደ እኔ ዞረው «ሐኪሞች እኮ ጨካኞች ናቸው!» አሉ። መለስ ብለው ደግሞ «ታዲያ የት ልታሳርፉ ነው?» ብለው ጠየቁት።

«እዚሁ ፎቅ ላይ» አለ ጋሽ ተሾመ፣ ሕንጻውን እያሳየ። «ቁልፍ እየጠበቅን ነው።»

እማማ አስካለ ፎቁን አዩ፣ እኔን አዩ... «አይዞሽ ልጄ፣ ሐዘን ነው የሚያናግረው» አሉኝ በጆሮዬ።

ይኼኔ ነገሩ ገባኝ። አፌን ልከፍት ስል ግን የእድራችን ጸሐፊ አቶ ወልዴ ጥላቸውን እያወዛወዙ ደረሱ። ተቆጥተዋል።

«ተሾመ! እድር እያለህ ከየት ያመጣኸውን ድንኳን ነው የምትተክለው? እኛ ምን ሆንንና?»

«የምን ድንኳን?»

«ይኼ ምንድን ነው ታዲያ? ደግሞስ ማን እንደሞተ እንኳ አይነገረንም?»

ጋሽ ተሾመ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «ማን ሞተ?!»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ።

እያስነጠስኩ አስረዳሁ። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ዝናቡ ስለጀመረ ግን የሄደ የለም፤ እዚያው ጨዋታው ደራ። እማማ አስካለ ብቻ አልሳቁም።

«ተሾመ... ገደብ ከተማ ደውዬ ተናግሬያለሁ እኮ።»

«ለማን?»

«ለወንድምህ። ተሾመ ቤት ለቅሶ አለ፣ ድንኳኑ መሀል ከተማ መንገድ ዳር ነው አልኩት።»

የጋሽ ተሾመ ፊት ተለዋወጠ። ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ጅግሶ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። እሱ የቡና መሬት ድርሻውን ሸጦ ሲኒማ ሲከፍት «የኃጢአት ቤት ነው፣ በደጁም አላልፍ» ብለው ተኳርፈው ቀርተዋል። የጋሽ ተሾመ ስልክ ባትሪው አልቋል። በእኔ ስልክ ደጋግሞ ቢደውል የሚያነሣ ጠፋ።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል አንድ ባጃጅ ከች አለ። ጋሽ ጅግሶ ኮታቸው በስብሶ ወረዱ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ማንንም ሳያዩ ሮጠው... ስክሪኑ ላይ ወደቁ።

«ሳላናግርህ! አንድ ቀን እንኳ ደጅህን ሳልረግጥ!» እያሉ ጨርቁን አቅፈው ተንሰቀሰቁ። ያ ሁሉ ሲስቅ የነበረ ሰው ብድግ ብሎ ቆመ።

«ጅግሶ...» አለ ጋሽ ተሾመ ከኋላቸው። «እዚህ ነኝ።»

ዞሩ። አዩት። ባርኔጣቸውን አውልቀው በሱ ይመቱት ጀመር።

«አልሞትክም እንዴ?»

«አልሞትኩም።»

«ስልክህን ለምን ዘጋህ ታዲያ?»

«ባትሪ ጨርሶ ነው።»

አንዴ ደገሙትና አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። እሱም አለቀሰ። ለቀስተኛው ሁሉ አብሮ አለቀሰ... እኔም። ይኼኛው እንኳ የአቧራ አልነበረም።

ቁልፉ ሲደርስ ስክሪኑን በአንድ ጫፍ ጋሽ ጅግሶ፣ በሌላው አቶ ወልዴ ተሸክመው ፎቅ ወጡ። ለቀስተኛው የተቀመጠበትን ወንበር እየያዘ ተከተለ። ጋሽ ጅግሶ «ልብሴ እስኪደርቅ ብቻ» ብለው የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ፊልሙ መሀል ላይ ሌባው በር ጀርባ ሲደበቅ፣ ብድግ ብለው በጌዴኦኛ «ዞር በል! ከኋላህ ነው!» ብለው ጮኹ።

ሲወጡ «እንዴት ነበር ጋሼ?» አልኳቸው።

ኮስተር አሉ። «እንዳልኩት ነው፣ ጥሩ ነገር አይደለም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹን ይዤ መጥቼ በደንብ እናጣራለን።»

ስድስት ሆነው መጡ... እስካሁንም እያጣሩ ነው።