ብርሃን እንኳ ይጎብጣል
የአጎቴ አርባ ትናንት ወጣ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ደግነታቸውን ያወራልኛል፤ እኔ ግን ደክሞኛል፤ ትዝ የሚለኝም አንድ ንግግራቸው ብቻ ነው።

ጣልያን በአገራችን በድብ ባሕር በኩል መንገድ ሲያሠራ አጎቴ ተገደው የመንገድ ቀያሹን መሣሪያ ይሸከሙ ነበር። ያ ቀያሽ አንድ ቀን ሲመሽ ስለ ኮከብ አጫወታቸው። የኮከብ ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ የፀሐይ ክብደት ስቦ ያጎብጠዋል። ጨረቃ ፀሐይን ስትጋርድ ኮከቡ ይታያል፤ የሚታየው ግን ከእውነተኛ ቦታው ፈቀቅ ብሎ ነው። አጎቴ ይህን ነገር ሲያሰላስሉት ኖሩ።

ኋላ አርበኞች ወደ መንደራችን ወረዱ። ለዚያው መንገድ ድንጋይ የፈለጠ ጎረቤታችንን «ባንዳ ነህ» ብለው አሰሩት። አጎቴ ተነሡ።

«እኔም ተሸክሜላቸዋለሁ፤ እኔንም እሰሩኝ» አሉ።

«ምነው አያ፣ እርስዎን ማን ከሰሰ?» አለ አለቃቸው።

«ልጄ፣ ብርሃን እንኳ በከባድ ነገር አጠገብ ሲያልፍ ይጎብጣል። ይህ ሰው ልጆቹን ይዞ በጠመንጃ ፊት ነው ያለፈ። አሁን በሚታይህ ቦታ ብቻ አትፍረድበት።»

አለቃው ገመዱን አስፈታ።

ዛሬ ጧት አንዲት ሴት ከቆላ መጣች። ባሏን አርበኞች «ባንዳ» ብለው ይዘውባታል፤ የአጎቴን መሞት አልሰማችም።

«አያ አሉ?» አለችኝ።

መርዶውን ነገርኋት። በራፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ የምትማጸነው ሌላ ሰው አልነበራትም። እግሬ ዝሎ ነበር። ነጠላዬን አንሥቼ «ተነሽ፣ መንገዱን ምሪኝ» አልኋት።